የጥቅምት ማር ወዴት ይሄዳል?

አንድ ሕዝብ ሠለጠነ የሚባለው ከውጭ አገር ባስመጣው ዕቃ ብዛት ብቻ አይደለም። ከአባቶቹና ከእናቶቹ የወረሰውን ሙያ መርምሮ፣ የጎደለውን አርሞ፣ ደኅናውን አጽንቶ ለልጆቹ ሲያስተላልፍ ጭምር ነው። ይህን አሳብ በንግግር ጊዜ የማይቀበል ሰው የለም። በሥራ ላይ ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት በእያንዳንዳችን ላይ ሲፈጸም ይታያል። ለዚህ ምስክር እንዲሆነን ዛሬ የምናነሣው የድንጋይ ሕንጻ ወይም የብራና መጽሐፍ አይደለም። በየጓዳው በጋን ውስጥ የሚፈላውን፣ በየሠርጉና በየበዓሉ ስሙ የሚጠራውን፣ ነገር ግን ከእኛ ከወጣቶቹ መካከል አሠራሩን የሚያውቀው ጥቂት ብቻ የሆነውን የማር ጠጃችንን ነው።

ወቅቱም ለነገሩ ይስማማል። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ በአገራችን አቈጣጠር መፀው ይባላል። ክረምቱ አልፎ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባ ጋራውን፣ ኑግ ደግሞ ደልዳላውን መሬት ብጫ የሚያለብሱበት ጊዜ ነው። ሰው አበባውን አይቶ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ሲያልፍ፣ ንብ ግን ሥራዋን ትሠራለች። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የዚያ አበባ ፍሬ ነው። የፈረንጅ አገር ሰው በመጸው ወራት ፖሙን ለቅሞ፣ ጨምቆ፣ በበርሜል አድርጎ ሳይደር የሚባለውን መጠጥ እንደሚያፈላ ሁሉ፣ የእኛም አገር መፀው የራሱ የሆነ መከርና የራሱ የሆነ መጠጥ አለው። ልዩነቱ እነርሱ መጠጣቸውን ያውቁታል፤ እኛ ግን የራሳችንን እየረሳነው መሆኑ ነው።

ወደ አዊ ምድር ተሻግሮ በእንጅባራ በኩል ወደ ጥርባ ያቀና ሰው የምንለውን በዓይኑ ለማየት ይችላል። ዘንገናና ጥርባ የተባሉት ሐይቆች ጥንት እሳተ ገሞራ በቈፈራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ዙሪያቸው ደጋ፣ ብርዱ ጠንካራ፣ መሬቱ ገብስና ድንች የሚያበቅል ነው። ወደ ዳንግላ ወረድ ሲባል ኑጉ፣ ዳጉሳውና በቆሎው ይበዛል። በየገበሬው አጥር ግቢ ውስጥ ጌሾ ተተክሎ፣ በየቤቱ ጣራ ሥርና በየዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ማሩም፣ ጌሾውም፣ ውሃውም፣ ሙያውም በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የተሟላ የመጠጥ አገር የትም አይገኝም ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ይህም ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። የዐባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ወደ ግሽ ዐባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 በኖቬምበር ወር፣ ማለት በዚሁ በመፀው ወራት ነበር። እርሱ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የአገው ሕዝብ ለጐንደር ከተማ ከብቱን፣ ቅቤውን፣ ሰሙንና ማሩን የሚያቀርብ ሕዝብ መሆኑን፣ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ከተማው የሚገቡትም በመቶ ሳይሆን በሺ የሚቈጠሩ መሆናቸውን መስክሯል። ስለዚህ በጐንደር ነገሥታት ግብር ላይ ይቀዳ ከነበረው ጠጅ ውስጥ የአገው ንብ ድርሻ ትንሽ አልነበረም ለማለት ይቻላል። የታሪክ መጽሐፍ የንጉሡን ስምና የአዳራሹን ስፋት ይነግረናል፤ በብርሌው ውስጥ የነበረው ግን የገበሬው ማርና የጠጅ ጣይዋ ሙያ ነበር።

ታዲያ ይህ ሙያ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ማርና ውሃ ተቀላቅሎ የሚቀመጥ ነገር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አስቀድሞ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ደርቆም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ከዚያ በኋላ ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጣል። የተለመደው መጠን አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ነው። ይህ ድብልቅ ገና ሳይፈላ ብርዝ ይባላል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ከላይ አረፋ ያነሣል፤ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ የጌሾው እንጨትና ቅጠልም ይገባበታል። በየቀኑ እየተማሰለ፣ እየተቀመሰ፣ አፉ እየተከደነ ይሰነብታል። ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ እንደ ጥርባ ባለ ደጋ ግን ብርዱ ስለሚይዘው ቀኑ ይረዝማል። ጌሾው መውጣት ያለበትን ቀን፣ ጠጁም መጠለል ያለበትን ሰዓት የሚናገር መሣሪያ በጓዳው ውስጥ የለም። የሚናገሩት የባለሙያዋ አፍንጫ፣ ምላስና ጆሮ ናቸው። ጆሮ ማለታችን ለማጋነን አይደለም፤ በጋኑ ውስጥ ያለው የሚፍለቀለቅ ድምፅ ሲቀንስ ጠጁ መብሰሉን የሚያውቁ እናቶች ስላሉ ነው።

የዛሬው ሳይንስም ይህን የእናቶቻችንን ልማድ ሲመረምር አብዛኛው ምክንያት ያለው ሆኖ አግኝቶታል። ማር ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ስለ ሆነና ውሃው ጥቂት ስለ ሆነ ብቻውን ቢቀመጥ አይፈላም፤ ሲበጠበጥ ግን በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ላይ የነበረው እርሾ ነፍስ ዘርቶ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2006 ባወጡት ጥናት ጠጅን የሚያፈሉት እርሾዎችና ወተትን የሚያረጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ምን ምን እንደ ሆኑ ዘርዝረዋል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የጌሾን መራራነት የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይተው ጌሾይዲን የሚል ስም ሰጥተውታል። ጌሾ ለጠጅና ለጠላ የሚሠራው ሥራ ሆፕ የሚባለው ተክል ለቢራ ከሚሠራው ጋር የተቀራረበ ነው፤ ይኸውም መራራ ጣዕም ይሰጣል፣ መጠጡን የሚያበላሹትንም ጀርሞች ይከላከላል። እናቶቻችን የጀርምን ስም ሳይሰሙ ጀርምን የሚከላከለውን ቅጠል ለይተው ማወቃቸው እንዴት የሚያስመካ ነገር ነው!

ወንድሙ ጠላም ተመሳሳይ ክብር ይገባዋል። አሻሮው፣ ብቅሉ፣ ጥንስሱና ድፍድፉ ሁሉ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ እንደ እንጅባራ ባለ የገብስ አገር የሚጠመቀው ጠላ ከጤፍ ወይም ከዳጉሳ አገር ጠላ በመልኩም በጣዕሙም ይለያል። ነገር ግን ጠላ ጠባቂ አለው። ሰንበቴው፣ የጽዋው ማኅበር፣ ደቦውና ዝክሩ እስካሉ ድረስ ጠላ በየቤቱ ይጠመቃል። ጠጅ ግን ከቤት ወጥቶ የገበያ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል፤ በገበያም ላይ ጠባቂ አጥቷል። ዛሬ በይበልጥ ስለ ጠጅ የምንናገረውም ስለዚህ ነው።

በገበያ ላይ የደረሰበትን እንመልከት። በብዙ የከተማ ጠጅ ቤቶች «ጠጅ» ተብሎ የሚቀዳው ነገር ከማር ይልቅ በስኳር የተጣለ መሆኑ ጠጪውም፣ ሻጩም፣ አላፊ አግዳሚውም የሚያውቀው ምሥጢር ነው። ስኳሩ በውሃ ይሟሟል፣ ብጫ ቀለም ይጨመርበታል፣ ጌሾ ይገባበታል፣ ትንሽ ማርም ለሽታ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያም በዚያው ብርሌ፣ በዚያው ስም፣ ለእንግዳና ለአገር ሰው ይቀርባል። በማግስቱ ራሱን የታመመው ሰው «የአገሬ ጠጅ ራስ ያማል» እያለ የማርን ስም ያጠፋል። እንዲህ ያለው ሐሜት የወደቀበት ማር ግን በዚያ ብርሌ ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጥፋቱ ግን በጠጅ ጣይዋ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ሒሳቡን እስቲ እንገምት። በጥርባ አካባቢ የምትኖር አንዲት ባለሙያ ሴት አለች እንበል። በጥቅምት ከቀፎዋ ማር ቆርጣለች። ማሩን ለነጋዴ ብትሸጠው ገንዘቧን ዛሬውኑ ትቀበላለች። ጠጅ ብትጥለው ግን ሳምንታት ትጠብቃለች፤ እንጨትና ጌሾ ታወጣለች፤ ቢበላሽ ኪሳራው የእርሷ ነው። ጠጁን ወደ ገበያ ስታወጣው ደግሞ አጠገቧ ያለችው ነጋዴ የስኳሩን ውሃ በዚያው «ጠጅ» በሚለው ስም በርካሽ ትሸጣለች። ጠጪው ሁለቱን በዓይኑ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ «የአንቺ ለምን ተወደደ?» ይላታል። እርሷም አንድ ጊዜ ትከራከራለች፣ ሁለት ጊዜ ትከራከራለች፤ በሦስተኛው ግን ወይ ሙያዋን ትተዋለች፣ ወይም እርሷም ስኳር ትገዛለች። መጥፎ ገንዘብ ደኅናውን ከገበያ ያስወጣዋል እያልን በትምህርት ቤት የተማርነው ነገር በጠጅም ላይ የሚሠራ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። ሐቀኛዋ የምትቀጣበት ገበያ ለሁሉም መጥፎ ገበያ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ከአንድ ብርሌ ያልፋል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደ ሆነች፣ ከምርቱም አብዛኛው ለጠጅ የሚውል እንደ ሆነ ይታወቃል። ጠጅ ወደ ስኳር ከዞረ ማርን የሚገዛው ትልቁ ደንበኛ ጠፋ ማለት ነው። ንብ አርቢው ከተጎዳ ቀፎውን ይተዋል፤ ቀፎ የማይሰቀልበት ዛፍ ደግሞ ተቈርጦ ይሸጣል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ ተክሎ ብዙ ገንዘብ አግኝቶበታል፤ ይህም የትጋቱ ውጤት ስለ ሆነ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዝገት የሚመስል በሽታ ዛፉን አጥቅቶ ብዙ ሰው ለኪሳራ ዳርጓል። ኑሮውን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ የሰቀለ ገበሬ ዛፉ ሲታመም አብሮ ይታመማል። ማር፣ ጌሾና ጠጅ ለእንደዚህ ያለው ቀን መጠባበቂያ ሊሆኑ የሚችሉ ሀብቶች ናቸው፤ መጠባበቂያ የሚሆኑት ግን ዋጋ ሲኖራቸው ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመው ምን እንዳደረገ ማየት ይጠቅመናል። በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ ፔይ ዶዥ የተባለው ቀበሌ ከጥንት ጀምሮ የፖም ሳይደር ይሠራል። የፋብሪካው መጠጥ በበዛ ጊዜ ገበሬዎቹ ስማቸውን በሕግ አስከበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በዚያ ቀበሌ ካልበቀለ ፖም፣ በታወቀውም ሥርዓት ካልተሠራ በቀር ማንም ሰው በዚያ ስም ሳይደር ለመሸጥ አይችልም። በስፔን አገር በአስቱሪያስ ደግሞ ሳይደር አሳላፊው ጠርሙሱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ ብርጭቆውን ዝቅ አድርጎ ይዞ በቀጭኑ ይቀዳል፤ እንግዳውም የተቀዳችለትን ጥቂት ወዲያው ይጠጣል። ይህ የአስቱሪያስ የሳይደር ባህል በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጽፏል። በእኛም አገር አሳላፊው ከጠጁ በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ፣ ጤነኛ መሆኑን አሳይቶ የሚያቀርብበት ሥርዓት ነበረ። የእነርሱ አቀዳድ ቅርስ ከተባለ የእኛ አቀማመስ ምን ሊባል ነው?

በእንግሊዝ አገር የተደረገው ደግሞ በተለይ ለወጣቶች ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1971 አራት ጓደኛሞች ተሰብስበው በጋዝ የተሞላው የፋብሪካ ቢራ በበርሜል ውስጥ ራሱ የሚበስለውን የአገራቸውን ቢራ ሊያጠፋው መሆኑን አይተው አንድ ማኅበር አቆሙ። መሣሪያቸው ብዕርና ጽናት ብቻ ነበር። ደኅና ቢራ የሚቀዳበትን ቤት እየዞሩ መዘገቡ፤ መዝገቡን አሳተሙ፤ ሰው በመዝገቡ እየተመራ ወደዚያ ሄደ፤ ሻጩም ሰው መምጣቱን ሲያይ ሥራውን አሳመረ። ዛሬ ያ ማኅበር ከመቶ ሺ በላይ አባላት አሉት። አራት ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ በየዓመቱ በሺ የምንቈጠር ተመራቂዎች ከየዩኒቨርሲቲው እየወጣን አንድ የጠጅ መዝገብ ለማዘጋጀት ያልቻልነው ለምንድን ነው?

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው «አገሩ ስካር አንሶት ነው ወይ ስለ መጠጥ የምትሰብኩን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስካር ቤት ያፈርሳል፣ ሥራ ያስፈታል፣ ጤና ያጠፋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ፣ የአልኮል ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር መከልከሉ መልካም ሥራ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ያልደረሰ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ለሰበብ እንዳያደርገው እናሳስባለን። እኛ የምንለው «ብዙ ጠጡ» አይደለም፤ የሚጠጣ ሰው የሚጠጣውን ይወቅ ነው የምንለው። ደግሞም የማር ነገር በጠጅ አያበቃም። በሃይማኖቱ ወይም በፈቃዱ አልኮል ለማይቀምስ ሰው ብርዝ አለ፤ ቀሪቦም አለ። በየስብሰባው ከውጭ ስሙ የመጣው ለስላሳ በሚደረደርበት ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ብርዝ በንጹሕ ማንቆርቆሪያ ቢቀርብ የሚያፍር ማን ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ የንጽሕና ነው። ጋኑ ንጹሕ አይደለም፣ ውሃው አልፈላም፣ ብርሌው በአንድ ገበታ ውሃ ይለቀለቃል የሚል ነው። በብዙ ቦታ እውነት መሆኑ አይካድም። ከላይ የጠቀስነው የ2001ዱ ጥናትም የጠጅ ጠባይ ከቤት ወደ ቤት፣ እንዲያውም በአንድ ቤት ውስጥ ከጋን ወደ ጋን እጅግ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ቆሻሻ የሚታረመው በውሃና በሳሙና ነው እንጂ ሙያውን በማጥፋት አይደለም። የኖርማንዲ ገበሬም ጥንት በርሜሉን በሳይንስ አላጠበም፤ የሚያስተምረው ሰው መጥቶለት ነው የተማረው።

ሦስተኛው «ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው፤ ዘመናዊ ሰው ቢራ ይጠጣል» የሚል ነው። የቢራ ፋብሪካ ጠላት አይደለንም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 ከተቋቋመ ወዲህ ፋብሪካዎቹ ለብዙ ሰው እንጀራ ሰጥተዋል፤ ገብስም ከገበሬው ይገዛሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በደሌና ሐረር እ.ኤ.አ. በ2011 ለሄይንከን እንደ ተሸጡት፣ ወደ ውጭ ኩባንያዎች እጅ ገብተዋል፤ ይህም የንግድ ጠባይ ነው። ነገር ግን ቢራ ዘመናዊ፣ ጠጅ ኋላ ቀር የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። ሁለቱም በእርሾ የሚፈሉ መጠጦች ናቸው። የሚለያቸው አንዱ ጠርሙስ፣ መለያ ወረቀትና የሚመረምረው ኬሚስት ማግኘቱ፣ ሌላው ግን ማጣቱ ነው። በአሜሪካ ያሉ የማር ወይን ጠማቂዎች ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ ጨምሯል፤ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም የዚያን አገር ማር እየገዙ፣ ጌሾውን ከአገር ቤት እያስመጡ ጠጅ ይጥላሉ። ጠጅ «ያለፈ ዘመን» ሲሆን ያገኘነው እንግዲህ እዚሁ በእኛ ዘንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሳባችንን በአጭሩ እናቅርብ።

በመጀመሪያ ስም ይለይ። በማር የተጣለው «የማር ጠጅ»፣ በስኳር የተጣለው ደግሞ በራሱ ስም ይጠራ። የስኳሩን መጠጥ እንከልክል አንልም፤ ድሀ በአቅሙ የሚጠጣው ነገር ያስፈልገዋልና። ነገር ግን የሌላውን ስም ለብሶ አይሽጥ። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በየጠጅ ቤቱ በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ሰሌዳና አልፎ አልፎ የሚመረምር አንድ ሐቀኛ ሠራተኛ ይበቃል። አገራችን የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም በውጭ ገበያ ለማስከበር ተከራክራ በ1999 ዓ.ም. ከትልቁ የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስም ገንዘብ መሆኑን ከዚያ ተምረናል። የአዊ ማርና የአዊ ጠጅ ስምም ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ ሙያው ይጻፍ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከጥርባ ሩቅ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ አርእስት የሚፈልግ ተማሪ ሩቅ አገር ማማተር የለበትም፤ ወደ አንዲት ጠጅ ጣይ እናት ቤት ሄዶ፣ «እማማ፣ አስተምሩኝ» ብሎ፣ ማሩን መዝኖ፣ ቀኑን ቈጥሮ፣ ሙቀቱን ለክቶ፣ የምትጠራበትን ስም በአውኚም በአማርኛም መዝግቦ ቢመለስ ለአገሩ ትልቅ ሥራ ሠራ እንላለን። እነዚህ እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የሚያውቁት ነገር በወረቀት ላይ አልሰፈረም። አንዲቱ ባረፈች ቁጥር አንድ መጽሐፍ ሳይነበብ ተቀበረ ማለት ነው።

ሦስተኛ ለባለሙያዋ ክብርና ጥቅም ይሰጣት። ጠጅ ጣይነት የሴቶች ሙያ ሆኖ ሳለ ከገበያው ትርፍ የሚደርሳቸው ትንሹ ነው። ማር አምራቾች በየቦታው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ማር ወደ ገበያው ከሚገቡት መካከል መዝግቦታል። ጠጅ ጣዮቹም እንዲሁ በማኅበር ሆነው ማሩን በመከር ጊዜ በአንድነት ቢገዙ፣ ጠርሙስና መለያ ቢኖራቸው፣ ስለ ንጽሕናም ቢማሩ፣ ከላይ በምሳሌ ያነሣናት ሴት ስኳር ለመግዛት የምትገደድበት ምክንያት ይቀንሳል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ተደራጅቶ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በታላቅ ድምቀት እያከበረ የፈረሱን ሙያ ከመጥፋት አድኖታል። ፈረስን ለማዳን የተቻለበት አገር ማርን ለማዳን አያቅተውም። በዚያ በዓል ላይ ከየአገሩ ለሚመጣው እንግዳ የሚቀርበው መጠጥ የተመሰከረለት የማር ጠጅና ብርዝ ቢሆን ለበዓሉም ለማሩም ክብር ይሆናል።

አራተኛውና የመጨረሻው እኛን ወጣቶቹን የሚመለከት ነው። ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ምን ያዝዛል? አብዛኛውን ጊዜ የሚያዝዘው የሚወደውን አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው የማይስቅበትን ነው። ጠጅ ማዘዝ የአዛውንት ነገር፣ ጠላ መጠጣት የባላገር ነገር ሆኖ ይታየዋል። ስለ ባህል በስብሰባ ላይ ንግግር አድርጎ ሲወጣ ግን በብርሌ ያለውን ነገር አያውቀውም። ይህ ዓይነቱ ኑሮ እንዲቀር እንመኛለን። ወደ አንድ ጠጅ ቤት ሲገቡ «በማር ነው በስኳር?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። አሥር ሰው በአንድ ሳምንት ይህንኑ ቢጠይቅ ባለቤቱ ሌሊቱን ሳያስብበት አያድርም። ማር ነው ብሎ ስኳር ለቀዳ ሰው ደግሞ በትሕትና መልሶ መውጣት ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይባላል፤ በሻጭና በገዢ መካከል ያለው እምነትም እንዲሁ ነው፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ለመጠገን አስቸጋሪ ስለ ሆነ ሳይሰነጠቅ መጠበቅ ይሻላል።

በዚህ መፀው የተቆረጠው ማር አሁን በየገበሬው ቤት በእንስራና በቅል ተቀምጧል። ከእርሱ ገሚሱ በነጋዴ እጅ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ገሚሱ ለመድኃኒትና ለቤት ይቀራል፤ ገሚሱ ደግሞ እንደ አያቶቻችን ጊዜ በታጠነ ጋን ገብቶ ጌሾውን ይጠብቃል። ይህ የመጨረሻው እጅ በየዓመቱ እያነሰ መሄዱ ወይም ተመልሶ ማደጉ በንቧ አይወሰንም፤ እርሷ ሥራዋን ፈጽማለች። የሚወሰነው በሻጩ ሐቀኝነት፣ በሹሙ ትጋትና ብርሌውን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ በሚጠይቀው ወጣት ነው።